ዲናሞ ከመቀየርዎ በፊት ቮልቱን ይለኩ
በጅማ ክረምት የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አብረው ስለሚሠሩ የደከመ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል) ቶሎ ይጋለጣል፤ ስለዚህ አሮጌ መኪና ይዘው ወደ ቦንጋ ወይም ወደ አጋሮ ከመውጣትዎ በፊት የባትሪውን ቮልት ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ገደማ፣ ሲነሣ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ሊያሳይ ይገባል፤ ሞተሩ እየሠራ ከ13 በታች ከቆየ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ያኔም ቢሆን ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የላላ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የዛገ የባትሪ ራስ ወይም ያለቀ ካርቦን (በዲናሞው ውስጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፣ ካርቦኑም በአብዛኞቹ አሮጌ ዲናሞዎች ላይ ለብቻው ይቀየራል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መሞከር ግን የዲናሞውን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች) ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ማንም ቢመክርዎ እባክዎን አይፍቀዱ። መቀየሩ ግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል፤ አዲሱ ከታሰረ በኋላም ቮልቱ እንደገና ይለካል።