በዋሽንግተን ሜትሮ መንገድ ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የዋሽንግተን ዲሲ ሜትሮ ስድስት መስመሮችና 98 ጣቢያዎች አሉት። መስመሮቹ በቀለም ስለሚጠሩ አዲስ ሰው ቀለሙን ብቻ ይዞ ይገባል፤ አብዛኛው ስህተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው የመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ሦስት ነገር ጽፈው ይያዙ፦ የመስመሩን ቀለም፣ በሚሄዱበት አቅጣጫ ያለውን የመጨረሻ ጣቢያ፣ የሚወርዱበትን ጣቢያ።

ምልክት፦ ቀለሙ ልክ ነው፣ የሚጠሩት ጣቢያዎች ግን ሌላ ናቸው

መንስኤው አቅጣጫ መሳሳት ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው በሬድ ላይን ነው። ይህ መስመር እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ሲሆን ሁለቱም ጫፎቹ፣ ሼዲ ግሮቭም ግሌንሞንትም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ወደ ሜሪላንድ የሚሄደው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በግሌንሞንት በኩል፣ ቤተዝዳ ደግሞ በሼዲ ግሮቭ በኩል ነው። ከሜትሮ ሴንተር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው ቀጣዩ ጣቢያ ፋራጉት ኖርዝ ከተባለ በተቃራኒው እየሄዱ ነው፤ መምጣት የነበረበት ጋለሪ ፕሌስ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ በሚቀጥለው ጣቢያ ይውረዱ። ፕላትፎርሙ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ከሆነ ዞር ብለው በሌላው ጎን ይጠብቁ። ሐዲዶቹ መሐል ላይ ሆነው ፕላትፎርሞቹ በግራና ቀኝ ከሆኑ በደረጃው ወደ መሸጋገሪያው ይሂዱና በሌላኛው በኩል ይድረሱ። በዚህ ሁሉ ካርድ ማስነካት አያስፈልግም። ደንግጠው በካርድ በሩ ከወጡ ግን ለመጀመሪያው ጉዞ ይቆረጥብዎታል፣ ተመልሰው ሲገቡም ሌላ ጉዞ ይጀምራል።

ምልክት፦ ደለስ ኤርፖርት ለመሄድ ተሳፍረው ባቡሩ ሌላ ቦታ ወሰደዎት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ስለሆነ ይህ ስህተት በረራ ሊያስመልጥ ይችላል። ሲልቨር ላይን ደለስ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው። መሐል ከተማ ላይ ሲልቨር፣ ኦሬንጅና ብሉ በአንድ ሐዲድ እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ሰው ቀድሞ የመጣው ላይ ይገባል። መሳፈር ያለብዎት «አሽበርን» የሚል ሲልቨር ላይ ነው።

ኦሬንጅ ላይ ከገቡ አይደንግጡ፤ እስከ ኢስት ፎልስ ቸርች ድረስ መንገዱ አንድ ነው። እዚያ ይውረዱና በዚያው ፕላትፎርም፣ በዚያው ጎን ሲልቨርን ይጠብቁ። ዌስት ፎልስ ቸርች ከደረሱ አልፈውታል፤ አንድ ጣቢያ ይመለሱ። ብሉ ላይ ከገቡ ደግሞ መለያያው ሮዝሊን ነው። ባቡሩ ከሮዝሊን ቀጥሎ አርሊንግተን ሴሜተሪ ካለ ወርደው ወደ ሮዝሊን ይመለሱ። ከመሐል ከተማ እስከ ደለስ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለእንዲህ ያለ መመለስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ይያዙ። ብሉና የሎው የሚያደርሱት ሬገን ናሽናል ሌላ ኤርፖርት ነው፤ ትኬትዎ ላይ ያለውን ስም አስቀድመው ይዩ።

በምሥራቅ በኩልም ቀለም ብቻውን አይበቃም። ከ2025 ክረምት ጀምሮ ከሲልቨር ባቡሮች ገሚሱ ወደ ላርጎ፣ ገሚሱ ወደ ኒው ካሮልተን ይሄዳል። የሚለያዩት ከስታዲየም አርመሪ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ባቡሩ መጣ፣ ግን እርስዎ ካሉበት ርቆ ቆመ

ፕላትፎርሞቹ የተሠሩት ለስምንት ፉርጎ ነው። ስድስት ፉርጎ ያለው ባቡር እስከ ፊተኛው ጫፍ ስለሚሄድ ኋላ የቆመ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይሮጣል። የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ልብ ብለው ያንብቡ፦ ከመስመሩ ምህጻረ ቃል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የፉርጎው ብዛት ነው፣ ከዚያ መድረሻው፣ በመጨረሻ የቀረው ደቂቃ። ቁጥሩ 6 ከሆነ ወደ መሐል ይጠጉ። በጠርዙ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ባቡሩ እየገባ ነው። በሩ ሲዘጋ እጅ አያስገቡ፤ እንደ አሳንሰር በር ተመልሶ አይከፈትም።

ምልክት፦ የካርድ በሩ አያስወጣም

ክፍያው እንደ ጉዞው ርቀት ስለሆነ ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ግድ ነው፤ በሩ ሒሳቡን የሚያወጣው ሁለቱን አገናኝቶ ነው። በስማርትሪፕ፣ ማለትም በፕላስቲኩ የሜትሮ ካርድ፣ ገብተው በስልክ ለመውጣት ከሞከሩ በሩ እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ያያቸዋል። ከ2025 ጀምሮ በሩ የባንክ ካርድም ስለሚቀበል፣ ቦርሳውን እንዳለ ማስነካት ያልታሰበውን ካርድ ሊያስነብብ ይችላል። አንዱን ካርድ አውጥተው ያንኑ ብቻ ይጠቀሙ። ባልና ሚስት በአንድ ካርድ መግባት አይችሉም፤ ለየራስ ያስፈልጋል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር እስከ ሁለት፣ በነፃ ይገባሉ። ሒሳብ ካነሰ ከበሩ በስተውስጥ ባለው ማሽን ይሙሉ፣ ካልሆነ ኪዮስኩ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ።

ምልክት፦ መቀየሪያ ጣቢያ ላይ ሁለተኛውን መስመር ማግኘት አልተቻለም

ሁለቱ መስመሮች በተለያየ ፎቅ ላይ ናቸው። ሜትሮ ሴንተር ላይ ሬድ ላይን ከላይ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከታች ናቸው። ጋለሪ ፕሌስ ላይም ሬድ ከላይ፣ ግሪንና የሎው ከታች። ላንፋንት ፕላዛ ላይ ደግሞ ግሪንና የሎው ከላይ ናቸው። በሦስቱም ጣቢያዎች የላይኛው ፎቅ ፕላትፎርሞች ለየአቅጣጫው በግራና በቀኝ የተለያዩ ስለሆኑ ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት የመጨረሻውን ጣቢያ ስም በምልክቱ ላይ ይፈልጉ።

ምልክት፦ ከጣቢያው ወጥተው አድራሻው የለም

ዋሽንግተን በአራት ክፍል የተከፈለች ናት፦ ሰሜን ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ምሥራቅ። አንድ የመንገድ ስም በተለያዩ ክፍሎች ሊደገም ስለሚችል ከአድራሻው ጫፍ ያሉትን ሁለት ፊደላት (NW፣ NE፣ SW ወይም SE) መተው ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዳል። በስልክዎ ካርታ ላይ ያለው ሰማያዊ ነጥብ ከምድር በታች ስለሚዋዥቅ ወዲያው አይመኑት። በቁጥር የሚጠሩት መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በፊደል የሚጠሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋሉ፤ ቁጥሩ ከካፒቶል፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ፣ እየራቀ ሲሄድ ይጨምራል። አንድ ብሎክ ሄደው ቁጥሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብለው ማየት ይበቃል።

መውጫም ይምረጡ። ዩ ስትሪት ጣቢያ ሁለት መውጫ አለው፣ በ10ኛና በ13ኛ መንገድ። የአበሻ ምግብ ቤቶቹ ወዳሉበት 9ኛ መንገድ ለመሄድ የ10ኛውን ይያዙ፤ በ13ኛው ከወጡ ሦስት ብሎክ ያህል ይመለሳሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀጥሎ ባለው ፎረስት ግሌን ደግሞ ኤስካሌተር ፍለጋ አይድከሙ። በጣም ጥልቅ ስለሆነ መውጫው አሳንሰር ነው።