የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ሲጨመር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

«ስልክ አያነሱም» የሚል ቅሬታ ሲበዛ የቴሌኮም ድርጅት የመጀመሪያ መልሱ የቅጥር ማስታወቂያ ማውጣት ነው። ሰው መጨመሩ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ አቀጣጠሩ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታሉ።

የሰው ቁጥርን በአማካይ ማስላት። በሰዓት 120 ጥሪ ቢመጣና አንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ ሥራው 10 ሰዓት ይሆናል። ታዲያ 10 ሰው ይበቃል? አይበቃም። ደዋይ ተራ ይዞ አይደውልም፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሁሉም ባንዴ ነው የሚደውለው። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ቀመር ዛሬም እንዲህ ላለው ያልተስተካከለ የጥሪ አመጣጥ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ለማስላት ያገለግላል። ጥሪውን ወደ 4 ደቂቃ ማውረድ ከተቻለ ደግሞ ሥራው 8 ሰዓት ይሆንና እነዚያው 10 ሰዎች ትንፋሽ ያገኛሉ።

መፍታት የማይችል ሠራተኛ ማስቀመጥ። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ቴሌብር በ2013፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ጥሪው ስለ ጥቅልና ስለ ሲም ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የሰው ገንዘብ አለበት። አንዲት እናት ለልጃቸው የላኩት ብር በአንድ ቁጥር ስህተት የማያውቁት ሰው ጋ ገባ እንበል። ደንግጠው ይደውላሉ። «ቅሬታዎን መዝግበናል፣ በትዕግሥት ይጠብቁ» ይባላሉ። ከሰዓት ይደግማሉ፤ ሌላ ሠራተኛ ያነሳና ነገሩን እንደ አዲስ ያስጀምራቸዋል። በማግስቱም እንዲሁ። አንዱ ችግር ሦስት ጥሪ ወለደ። ሠራተኛው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ስክሪኑ ላይ ማየትና የተወሰነውን ራሱ መወሰን አለበት፤ ካልሆነ የተጨመረው ይቅርታ ጠያቂ ብቻ ነው።

ቋንቋን በቅጽ ማመን። «አፋን ኦሮሞ፦ በጣም ጥሩ» ብሎ የሞላ ሁሉ የሐረርጌ ገበሬ በፍጥነት ሲናገር ይከተላል ማለት አይደለም። ሶማልኛና ትግርኛም እንደዚያው። ፈተናው በስልክ፣ ያውም በማይጠራ መስመር ይሁን።

ሥልጠናን ማሳጠር። አዲስ ገቢ ከነባር ሠራተኛ ጎን ተቀምጦ እውነተኛ ጥሪ ሳያዳምጥ ብቻውን አይመደብ። አንድ ሠራተኛ «የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ካለ፣ ነገ አጭበርባሪ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ብሎ ሲጠይቅ ደንበኛው በምን ይለየዋል?

የማታ ፈረቃ ያለ ሰርቪስ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ታክሲ የምትጠብቅ ልጅ ሌላ ሥራ ባገኘች ቀን ትለቃለች፤ የተደከመበት ሥልጠናም አብሯት ይሄዳል። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት የሰርቪስ መኪናው ውል ይፈረም።