የሚጥል በሽታ ከተከላካይ ሥርዓት መዛባት የመጣ መሆኑን ከሐኪም ጋር እንዴት ማጣራት ይቻላል?

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ እንደ ሉፐስ፣ ዓይነት 1 የስኳር በሽታና አንዳንድ የታይሮይድ ሕመሞች ይከሰታሉ፤ ጥቃቱ አንጎል ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ 2.5 ሚሊዮን ገደማ የጤና መድን ተጠቃሚዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ከእነዚህ መሰል ሕመሞች አንዱ ያለባቸው ሰዎች የሚጥል በሽታ የሚገኝባቸው ከሌላው ሰው ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። ያም ሆኖ አብዛኛው የሉፐስ ታማሚ በሽታው ጥሎት አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ውድ ምርመራ ከማዘዙ በፊት ታሪኩን በሥርዓት ቢያደራጅ ይሻላል።

በመጀመሪያ የቀን ቅደም ተከተሉን ይጻፉ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደተባባሰ፣ የመርሳት፣ የጠባይ ለውጥ ወይም የእንቅልፍ መዛባት አብሮ መምጣቱን ያስፍሩ። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ደጋግሞ ሲጥለው፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በአግባቡ ወስዶም ካልተሻለው፣ ሐኪሙ ይህን መንስኤ እንዲያስብበት በቂ ምክንያት አለ።

ቀጥሎ ክስተቱን በስልክ ይቅረጹ። ይህ ቀላል ቢመስልም ከሁሉም የሚጠቅም እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም ኤልጂአይ1 በተባለው የአንጎል ፕሮቲን ላይ በሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል (ተከላካይ ሥርዓቱ ለማጥቃት በሚያመርተው ፕሮቲን) የሚመጣው ሕመም በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሰዎችን ይይዛል፣ መልኩም ከተለመደው መውደቅና መንፈራገጥ የተለየ ነው። ሰውዬው ሻይ እየጠጣ ሳለ አንድ እጁና በዚያው በኩል ያለው ፊቱ ለጥቂት ሰከንድ ይኮማተራል፣ ስኒው ከእጁ ያመልጣል፣ ወዲያው ደህና ይሆናል፤ ይኸው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ቤተሰብ «ጭንቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ አንዳንዴም ሐኪም እንዲሁ። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ዝቅ ማለቱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ የማስታወስ ችሎታ ከመጎዳቱ በፊት ሕክምና መጀመሩም ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የስኳር ታማሚ ከሆኑ በዚያች ሰዓት የነበረውን የስኳር መጠን ይመዝግቡ፤ የስኳር ማነስ ብቻውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላልና። ተከላካይ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የአንጎል ኢንፌክሽን እንደሌለበት መረጋገጥ አለበት።

ከዚያ ስለ ምርመራው ይጠይቁ። ኤም.አር.አይ. (የአንጎል ምስል) እና ኢ.ኢ.ጂ. (የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ምርመራ) ደህና ቢመስሉም ሕመሙን አያስቀሩትም፤ ፀረ እንግዳ አካላት ከደምም ከጀርባ ከሚቀዳ ፈሳሽም ይፈለጋሉ። ጋድ65 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል በብዙ ዓይነት 1 የስኳር ታማሚዎች ደም ውስጥ በአነስተኛ መጠን ስለሚገኝ፣ መገኘቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታወቀው የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ብግነት (ፀረ እንግዳ አካላት በነርቭ ሴሎች ላይ ያለውን መልእክት ተቀባይ ሲያጠቁ በሚመጣ የአንጎል ሕመም) የተጠረጠረች ወጣት ሴት ግን የእንቁላል ማኅደር ዕጢ እንዳለባት መመርመር ይኖርባታል። ውጤቱ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ሐኪሙ ሳይጠብቅ ተከላካይ ሥርዓቱን በሚያረጋጋ ሕክምና፣ ማለትም በስቴሮይድ፣ በኢሚዩኖግሎቡሊን ወይም ፕላዝማን በማጣራት ሊጀምር ይችላል።

በመጨረሻም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይቅረቡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ቶሎ ከሰውነት እንዲወገድ ስለሚያደርጉ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ጠበል የሚገባ ሰውም ቢሆን ክኒኑን አያቋርጥ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትንም ሆነ ስቴሮይድን በድንገት መተው አደገኛ ነው። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሰውዬው ሳይነቃ ከደገመው፣ ክብሪት ማሽተቱን ትተው በጎኑ አስተኝተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።