የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ተማሪ ፕሮግራሚንግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሲ ፕላስ ፕላስ (C++) በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች መካከል ኮምፒውተር እየነካካ ያደገ አለ፤ ኪቦርድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ግቢ ከገባ በኋላ የሆነም አለ፤ ይህም ልዩነት ብዙዎችን ገና ከጅምሩ ያስፈራቸዋል። ይሁን እንጂ የኮርሱ ዋና ችሎታ አንድን ሥራ ማሽን ሊከተለው በሚችል ቅደም ተከተል ዘርዝሮ መግለጽ በመሆኑ በእርሳስና በወረቀት ሊለመድ ይችላል። ፈተናውም በብዙ ቦታ በወረቀት ላይ ስለሚሰጥ፣ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ የላብ ክፍለ ጊዜ እስኪደርስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይኖርበትም።

መጀመሪያ መፍትሔውን በሚያስቡበት ቋንቋ ይጻፉ

የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈልጉ ተባልን እንበል። የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ቁጥሮቹን የምናስቀምጥባቸውን ቫሪያብሎች «አንደኛ» እና «ሁለተኛ»፣ ሲካፈሉ የሚተርፈውን የምናስቀምጥበትን ደግሞ «ቀሪ» ብለን እንሰይማቸው። «ሁለተኛ» ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ሦስት ትእዛዞች ይደጋገማሉ፦

1. «አንደኛ»ን ለ«ሁለተኛ» አካፍለህ የተረፈውን «ቀሪ» ላይ አስቀምጥ።
2. የ«ሁለተኛ»ን ዋጋ ወደ «አንደኛ» ገልብጥ።
3. የ«ቀሪ»ን ዋጋ ወደ «ሁለተኛ» ገልብጥ።

«ሁለተኛ» ዜሮ ሲሆን ድግግሞሹ ይቆማል፤ መልሱም «አንደኛ» ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ተክተው በእጅዎ ያስሉ

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙ ተማሪ የሚዘለውም ይህንኑ መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ አንድ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያስምሩና በ48 እና በ18 ይጀምሩ። 48 ለ18 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ረድፍ 18 እና 12 ይሆናል። 18 ለ12 ሲካፈል 6 ስለሚተርፍ ቀጥሎ 12 እና 6 ይመጣሉ፤ 12 ለ6 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ በመጨረሻው ረድፍ ላይም 6 እና ዜሮ ይቀመጣሉ። መልሱ 6 ነው።

አሁን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትእዛዝ ቦታ ቀያይረው እንደገና ያስሉ። «አንደኛ» ወዲያውኑ 18 ይሆናል፤ 18 ለ18 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው፤ ፕሮግራሙም መልሱ 18 ነው ብሎ ይጨርሳል። 18 ግን 48ን አያካፍልም። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ስለዚህ ጉዳይ አንዳች ቅሬታ አያሰማም፤ ምክንያቱም በሰዋስው ረገድ ኮዱ ፍጹም ትክክል ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት በገዛ እጁ ሠንጠረዥ የሞላ ተማሪ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሲያገኘው፣ ስክሪን ላይ ብቻ ያፈጠጠ ተማሪ ሰዓታት ሊያጠፋበት ይችላል።

ከዚያ ኮዱን በጥቂት በጥቂቱ ይጻፉ

ሦስትና አራት መስመር ጽፈው ኮምፓይል ያድርጉ፤ መሥራቱን ሲያረጋግጡ ይቀጥሉ። የስህተት መልእክት ተደርድሮ ከመጣ ከላይኛው ይጀምሩ፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ተከታዮች ናቸው። መልእክቱ የሚጠቁመው መስመር ደህና መስሎ ከታየዎት ደግሞ ከእርሱ በላይ ያለውን ይመልከቱ፤ የትእዛዝ ማብቂያ የሆነው ሰሚኮለን (;) ሲረሳ ኮምፓይለሩ ችግሩን የሚያስተውለው ብዙ ጊዜ ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርስ ነው።

ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚያስቸግር ሌላ ነገር የሙሉ ቁጥሮች ማካፈል ነው። 85 እና 90 ያመጣ ተማሪ አማካይ ውጤቱ 87.5 ነው፤ ሦስቱም ቁጥሮች በሙሉ ቁጥርነት ከተያዙ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ 175ን ለ2 አካፍሎ 87 ብቻ ይሰጣል። ከተካፋዩና ከአካፋዩ አንዱ ዳብል (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ሲሆን ነው ነጥብ አምስቱ የሚገኘው።

በተለመደው ቁጥር ብቻ አይሞክሩ

የዩክሊድን ዘዴ በ18 እና በ48፣ ማለትም ትንሹን አስቀድመው ይሞክሩት። 18 ለ48 ሲካፈል ቀሪው ራሱ 18 ስለሆነ፣ ከአንድ ዙር በኋላ ቁጥሮቹ ራሳቸው ቦታ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ትልቁን ለመለየት ተጨማሪ ትእዛዝ አያስፈልግም። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ፣ ወይም ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑም እንዲሁ ይፈትሹ።

አልጎሪዝሞችን (የመፍትሔ ዘዴዎችን) በሚጠይቁት ሥራ ብዛት ያወዳድሩ

በመታወቂያ ቁጥር በተደረደሩ 1,000,000 ስሞች መካከል አንዱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ የሚፈልግ ፕሮግራም፣ ዕድል ከጎደለው ሚሊዮኑንም ያያል። መሐል ላይ ያለውን አይቶ የማይፈለገውን ግማሽ የሚጥለው ባይነሪ ሰርች ግን 20 ጊዜ ማየት ይበቃዋል፤ ሁለት በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ 1,048,576 ይሆናልና። ቅድመ ሁኔታው ዝርዝሩ አስቀድሞ የተደረደረ መሆኑ ነው።

ይህ አጭር አልጎሪዝም ልምድ ያላቸውን ሰዎች ጭምር አሳስቷል። ጃቫ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የዝግጁ ኮዶች ስብስብ (ላይብረሪ) ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ባይነሪ ሰርች ስህተት እንዳለበት በይፋ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። መሐሉን ለማግኘት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቦታ ደምሮ ለሁለት ያካፍል ስለነበር፣ ዝርዝሩ እጅግ ሲረዝም ድምሩ ሙሉ ቁጥሩ ሊይዝ ከሚችለው ከ2,147,483,647 ያልፍና ኔጌቲቭ ይሆናል። መፍትሔው ከመጨረሻው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሶ ልዩነቱን ለሁለት ማካፈልና ያንን በመጀመሪያው ላይ መደመር ነው። መምህሩ ባይነሪ ሰርችን ባስተማሩበት ዕለት ማታ ደብተርዎን ይዝጉ፤ ይህን የተስተካከለውን ቅጽ ከራስዎ አፍልቀው ይጻፉና ስምንት ቁጥሮች ባሉት ዝርዝር ላይ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቁጥር እየፈለጉ፣ በሠንጠረዥ ይከታተሉት።