«በእርዳታ ይራመዳሉ» ስንት ነው?

ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቤታቸው እየሄድኩ የምከታተል ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «በእርዳታ ይራመዳሉ» ከሚል ወረቀት ጋር መጡልኝ። የማን እርዳታ? ምን ያህል? ከአልጋ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር።

አሜሪካ ከሆስፒታል በኋላ ክብካቤ የሚሰጡ ተቋማት ሕሙማንን በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲመዘግቡ በ2014 እ.ኤ.አ. በሕግ ደንግጋለች። እኛ ሕግ እስኪወጣ አንጠብቅ፤ ሕመምተኛውን የሚልከውና የሚቀበለው በአንድ ቅጽ መስማማታቸው ይበቃል።

እኔ የምጠቀመው ሕመምተኛው የዕለት ተዕለት ተግባራትን ምን ያህል በራሱ እንደሚሠራ የሚለካውን፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመውን የባርቴል መለኪያ ነው፦ 10 ተግባራት፣ ድምሩ ከ0 እስከ 100። ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር ለብቻ ከሆነ 15፣ በጥቂት እርዳታ 10፣ በብዙ እርዳታ 5፣ መቀመጥም ካቃተ 0። ድምሩን ብቻ አትላኩ፤ 60 ያገኙ ሁለት ሕሙማን ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

የምትመዘግቡት ሕመምተኛው የሚያደርገውን እንጂ ያደርገዋል ተብሎ የሚታሰበውን አይደለም። ልጆች «እማዬ ራሷ ትበላለች» ይላሉ፤ ምሳ ሰዓት ስደርስ ግን ሁሉም ተራ በተራ እያጎረሷት አገኛለሁ። ፍቅር ነው፣ ግን ነጥቡ 0 ነው። እንጀራውን ራሷ ቆርሳ፣ ጠቅልላ ከጎረሰች 10፤ ቆርሰው ካቀረቡላት 5። እነዚህን ትርጉሞች ከቅጹ ጀርባ ጻፏቸው።

ቀኑንም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ለይታችሁ ጻፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ፤ 5 ለእኔ ጥር ነው፣ ለሌላው ሜይ።