ከእኩያችሁ ጋር የውድድር ቼዝ እንዴት ትጫወታላችሁ?

የተጋጣሚያችሁ ሬቲንግ (የተጫዋችን ጥንካሬ የሚለካው ቁጥር) ከእናንተ ጋር እኩል ከሆነ፣ የሬቲንጉ ስሌት ከእያንዳንዳችሁ የሚጠብቀው ግማሽ ነጥብ፣ ማለትም አቻ ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ረቂቅ ዘዴ ያመጣው ሳይሆን መጨረሻ ላይ ሰዓት የተረፈው ነው።

ስልካችሁን አጥፉና ተቀመጡ። ጨዋታውን በለመዳችሁት መክፈቻ ጀምሩ፤ ትናንት ማታ ያያችሁትን ዛሬ አትሞክሩ።

ከዚያ ሰዓቱን አስሉ። 90 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 30 ሰከንድ የሚጨመር ከሆነ፣ ለ40 እርምጃ 110 ደቂቃ አላችሁ። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርስም። በመክፈቻው ያተረፋችሁትን፣ መሃል ላይ ለሚገጥሟችሁ ሦስት አራት ከባድ ውሳኔዎች አስቀምጡት።

ተጋጣሚው በተጫወተ ቁጥር መጀመሪያ እርምጃውን ጻፉ። ቀጥሎ ጠይቁ፦ ቼክ ሊለኝ፣ ማለትም ንጉሤን ሊያጠቃ ይችላል? ምን ሊበላብኝ ነው? የራሳችሁን ከመረጣችሁ በኋላም እንደገና ጠይቁ። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ይሄን ሁለተኛ ጊዜ አለመጠየቄ ነው። ጥቁር ነበርኩ፤ ንጉሤ በእኔ በኩል ባለው የመጨረሻ መስመር፣ ጂ8 ላይ ነበር። ከፊቱ ኤፍ7፣ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ወታደሮቼ ቆመዋል። ስምንተኛውን መስመር የሚጠብቀውን ሩኬን (ግንቡን) አንዲት ወታደር ልበላ ላክሁት። የነጭ ሩክ ኢ8 ገባ፣ ንጉሤ ማምለጫ አጣ፣ ማት! ቀደም ብዬ ኤች6 ብጫወት ኖሮ ንጉሤ መተንፈሻ ያገኝ ነበር። እስክትወስኑ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ፤ የነካችሁትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው።

አቻ ለመጠየቅ መጀመሪያ ተጫወቱ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ሰዓቱን ተጫኑ። ስለፈራችሁ ብቻ ግን አትጠይቁ።

እኩያ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት የሩክ ፍጻሜ ላይ ነው። እንበል ጥቁር ናችሁ፣ ከንጉሡ ሌላ የቀራችሁ ሩክ ብቻ ነው። ነጭ ደግሞ ሩክና (ከነጭ በኩል ሲቆጠር) አምስተኛው መስመር ላይ የደረሰ አንድ ወታደር አለው። ንጉሣችሁን ከወታደሩ ፊት አቁሙት። ሩካችሁን ስድስተኛው መስመር ላይ አድርጉትና የነጭን ንጉሥ መንገድ ዝጉበት። እዚያው መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ጠብቁ። ወታደሩ ስድስተኛው ላይ በረገጠ ቅጽበት ሩካችሁን ወደ አንደኛው መስመር አውርዱና ከኋላ ቼክ ማለት ጀምሩ። የነጭ ንጉሥ ከወታደሩ ፊት መሸሸጊያ አጥቷል፤ አቻ ትወጣላችሁ። ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የቼዝ ተጫዋች የፊሊዶር ዘዴ ነው። እሱን ለማስታወስና በትክክል ለመጫወት ግን ሰዓታችሁ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች መቅረት አለባቸው።

ሲያልቅ ተጨባበጡ። ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋታውን ከተጋጣሚያችሁ ጋር አንድ በአንድ መልሳችሁ እዩት። በየቦታው ምን ፈርቶ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።