የገጽ ርዕስና ቁልፍ ቃል፦ የድሬዳዋና የሐረር ድረ ገጾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማረፊያ የሚፈልግ መንገደኛ ገና መንገድ ላይ ሳለ ስልኩን አውጥቶ ጉግል ላይ «ድሬዳዋ ሆቴል» ብሎ ይጽፋል። ከሚመጡለት ውጤቶች አንዱ «መነሻ ገጽ» ይላል። ሌላው «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» ይላል። ሦስተኛው «ድሬዳዋ ከዚራ ሆቴል፦ የክፍል ዋጋና ማስያዣ» ይላል። የሚከፍተው ይህንን ነው፤ ፍራሹ የሚመቸው የመጀመሪያው ቢሆንም እንኳ።

ይህች መስመር የገጹ ርዕስ ናት። በኮዱ ራስጌ፣ «ታይትል» በሚባለው ታግ፣ ማለትም በኮድ ምልክት፣ ውስጥ ትጻፋለች፤ ገጹ ላይ በትልቁ ከሚነበበው አርዕስት፣ ማለትም ከኤች ዋን፣ የተለየች ናት። ጉግል ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለመረዳት ያነባታል፤ ሰውም ልክፈት ወይስ ልለፍ የሚለውን የሚወስነው እሷን አይቶ ነው። በአማርኛ ስትጻፍ ደግሞ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ጨርሶ የማያነሷቸው ወጥመዶች አሏት።

ለሁሉም ገጽ አንድ ርዕስ መስጠት

በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው፤ ለማስተካከልም ይህን ያህል የሚቀል የለም። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ የሆቴሉን ስም አንድ ቦታ ሞልቶ ያስረክባል፤ ከዚያ የክፍሎቹም፣ የምግብ ቤቱም፣ የስብሰባ አዳራሹም ገጽ በዚያው ስም ይወጣል። «ድሬዳዋ የስብሰባ አዳራሽ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አዳራሹ እንዳለዎት ከርዕሱ ሊያውቅ አይችልም።

የእርስዎን ለማየት፣ ጉግል ላይ በላቲን ፊደል «ሳይት» (site) ብለው ኮለን (:) ያስከትሉና ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጽዎን አድራሻ ይጻፉ። ጉግል ከገጾችዎ ያወቃቸውን ይዘረዝርልዎታል። ሁለት ተመሳሳይ ርዕስ ካዩ ሥራው እዚያ ይጀምራል። ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ዮስት የተባለውን ተጨማሪ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ከገጹ ማረሚያ ሥር «ኤስኢኦ ታይትል» የሚል ሳጥን ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ እዚያ ለየብቻ ይሞላል።

የከተማውን ስም በ«በ» እና በ«የ» መሸፈን

እንግሊዝኛ «ውስጥ» የሚለውን ቃል ለብቻው ስለሚያቆመው የከተማው ስም ሳይነካ ይቀራል። አማርኛ ግን ያጣብቃል፦ በድሬዳዋ፣ የድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ፣ ለድሬዳዋ። ሆቴሉም «ሆቴላችን» ወይም «ሆቴሎቻችን» ይሆናል። ፈላጊው ሲጽፍ ግን ዓረፍተ ነገር አይሠራም፤ «ድሬዳዋ ሆቴል»፣ «ሐረር አስጎብኚ»፣ «ድሬዳዋ ሐረር መኪና» ብሎ ስሞቹን ራቁታቸውን ይደረድራል። «ሆቴላችን በድሬዳዋ የሚገኝ ሲሆን» የሚል ርዕስ እንግዲህ ሰውየው ከጻፋቸው ሁለት ቃላት አንዱንም እንደተጻፈ አልያዘም። ጉግል ዝምድናቸውን ይገምት ይሆናል፤ ግን ለግምት ለምን ይተዉለታል?

መፍትሔው ከራሱ ከቋንቋው ይገኛል። «በድሬዳዋ» ከማለት «ድሬዳዋ ውስጥ» ማለት ስሙን ነፃ ያወጣዋል። «የሐረር ቡና» የሚለው «ሐረር ቡና» ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይም ሰው እንዲህ ይለዋል። የመኪና አገልግሎት ያለው ሰው «ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚደረግ የትራንስፖርት አገልግሎት» በማለት ፈንታ «ድሬዳዋ ሐረር ትራንስፖርት፦ መነሻ ቦታ፣ ሰዓትና ዋጋ» ብሎ ይጻፍ። ገጹ ውስጥ በሙሉ ሰዋስው ይጻፉ፤ ርዕሱ ላይ ግን ቢያንስ ዋናው ቃልና የከተማው ስም ያለ አባሪ ይቁሙ።

ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር

ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። የቦታ ስም ሲሆን ይብሳል፦ ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ፣ ድሬደዋ፤ ጀጎል፣ ጁገል። አንድ ድረ ገጽ በመነሻ ገጹ ርዕስ «ሐረር»፣ በክፍሎቹ ገጽ «ሃረር»፣ በአድራሻ ገጹ «ሀረር» ብሎ ሲጽፍ ጉልበቱን ሦስት ቦታ በትኗል ማለት ነው።

ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው የሚለው ለሰዋስው መምህር ይቆይ፤ እዚህ የሚጠየቀው ደንበኛው የሚተይበው የቱን እንደሆነ ነው። ሁለት ማረጋገጫ አለ። አንደኛ፣ በብራውዘሩ የግል መስኮት ጉግልን ከፍተው የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ብቻ ይተይቡ፤ ጉግል ራሱ የሚያሟላልዎት ሰዎች ከሚፈልጉት ተነሥቶ ነው። በአንዱ ፊደል ብዙ ጥቆማ መጥቶ በሌላው ምንም ካልመጣ መልሱን አገኙ። ሁለተኛ፣ ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ ካለዎት የአፈጻጸም ሪፖርቱን ይክፈቱና ሰዎች የጻፏቸውን ፍለጋዎች ይዩ፤ እስከ 16 ወር ወደኋላ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚጽፈውን አንዱን መርጠው በርዕሶች ሁሉ ላይ እሱኑ ይጠቀሙ። ሌላው አጻጻፍ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢገባ አይከፋም፤ ሦስቱንም ርዕሱ ላይ መደርደር ግን ቀጥሎ ወደሚመጣው ስህተት ይወስዳል።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ ለይቶ «ድሬዳዋ፡ሆቴል» ብሎ መጻፍ ይቅር። ተራውን ክፍተት ይጠቀሙ፤ ፈላጊው የሚጠቀመው እሱን ነው።

ቃል መደርደር

«ሆቴል ድሬዳዋ፣ ርካሽ ሆቴል ድሬዳዋ፣ ምርጥ ሆቴል ድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ ሆቴሎች»። ይህ ርዕስ ሳይሆን ጩኸት ነው። ጉግል ይህን የቃል እጨቃ በግልጽ ይነቅፈዋል፤ አንባቢውም አይቶ አያምንም። ዋናው ቃል አንድ ጊዜ ይበቃል፤ የቀረው ቦታ ሰውየው ማወቅ ለሚፈልገው ይሁን፦ ሰፈሩ፣ ዋጋ እንዳለበት፣ ክፍል ማስያዝ እንደሚቻል።

በኮዱ ውስጥ «ኪወርድስ» የሚባለውን የተደበቀ ታግ በሃምሳ ቃል ሞልቶ ለዚያም የሚያስከፍል ባለሙያ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ። ጉግል ያንን ታግ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል።

ቃሉን መጨረሻ ላይ መቅበር

ጉግል የርዕስ ርዝመት በፊደል ቁጥር አልወሰነም፤ ማያው ላይ ግን ከስፋቱ የተረፈው ይቆረጣል። በኮምፒውተር ስፋቱ ወደ 600 ፒክሰል ገደማ ነው። በላቲን ከ50 እስከ 60 ፊደል ይይዛል ሲባል ይሰማል፤ የእኛ ፊደላት ሰፋፊ ስለሆኑ ያን ያህል አይገባም። ለጥንቃቄ ክፍተቱን ጨምሮ በ35 ፊደል ውስጥ ዋናውን ነገር ይጨርሱ። ከላይ ያየነው «ድሬዳዋ ከዚራ ሆቴል፦ የክፍል ዋጋና ማስያዣ» 27 ብቻ ነው፤ የሆቴሉ አጭር ስም ከኋላ ቢከተል ቦታ አለው። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ከፊት ከመጣ ግን ሆቴል የሚለው ቃል ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ጉግል የድረ ገጹን ስም ከርዕሱ በላይ ለብቻው ማሳየት ስለጀመረ ስሙን ፊት ላይ ማስቀደም ከበፊቱ ያነሰ ምክንያት አለው።

ደንበኛው የማይጠራውን ስም መምረጥ

ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ለእንግዳ የሚያከራይ ሰው ርዕሱን «ጌ ጋር» ይለዋል። ስሙ ውብ ነው፤ ሊጠፋም አይገባም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ግን ቃሉን ገና አልሰማውም፤ የሚጽፈው «ሐረር ጌስት ሃውስ» ነው። «ሐረር ጀጎል ጌስት ሃውስ፦ ባህላዊ የሐረሪ ቤት» የሚል ርዕስ ያመጣዋል፤ ጌ ጋር ምን እንደሆነ ገጹ ውስጥ በደስታ ያነባል። የመሥሪያ ቤት ቋንቋም እንዲሁ ነው፦ «የመኝታ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት» ብሎ የሚፈልግ የለም፤ ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ነው የሚለው። የትኛው ቃል እንደሆነ ከጠፋብዎ ስልክ የምታነሣውን የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ደዋዮች ምን እንደሚሉ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የአማርኛ ገጽ፣ የላቲን ርዕስ

ድሬዳዋ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማሉ፤ ሐረር ላይ ሐረሪና የውጭ እንግዳ ይጨመራሉ። ስለዚህ አንዱን ርዕስ በሁለት ቋንቋ መሙላት ያጓጓል። ርዕሱ ይረዝማል፣ ግማሹ ይቆረጣል። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጉግል የርዕሱ ቋንቋ ወይም ፊደል ከገጹ ጽሑፍ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ርዕሱን ራሱ ከገጹ ቋንቋ ጋር በሚገጥም ሊተካው ይችላል። ለጅብ ማብላት የሚመጣውን የውጭ እንግዳ ከፈለጉ የእንግሊዝኛ ገጽ ለብቻው ይኑረው፣ ርዕሱም በዚያው ቋንቋ፤ አማርኛው «ሐረር ጅብ ማብላት፦ ሰዓት፣ ዋጋና አስጎብኚ» ሆኖ ይቆይ። ሁለቱን ገጾች ኤችሬፍላንግ በሚባለው፣ የአንድ ገጽ የተለያየ ቋንቋ ቅጂዎችን ለጉግል በሚያመለክተው ታግ ያስተሳስሩ።

ዓመት፣ ተመሳሳይ ገጾችና የማይገጥም አርዕስት

«የ2018 ዋጋ» የሚል ርዕስ ለእኛ የዘንድሮ ሲሆን ውጭ ለሚኖረው ዘመድዎ የቆየ ወሬ ነው። ዓመት የግድ ከሆነ «ዓ.ም.» ይጨምሩ፤ በየመስከረሙ የማያድሱት ገጽ ላይ ግን ባይኖር ይሻላል። ሦስት ገጽ «ሐረር ቡና» ብሎ መሰየምም እርስ በርስ ማሻማት ነው፦ አንዱ «ሐረር ቡና የተቆላ»፣ ሌላው «ሐረር ጥሬ ቡና ለጅምላ ገዢ» ይባል። ርዕሱና ኤች ዋኑ ደግሞ አንድ ነገር ይናገሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ጉግል ያላመነበትን ርዕስ ትቶ ከኤች ዋኑ ወይም ከሌላ የገጹ ጽሑፍ እየወሰደ ያሳያል። ውጤቱ ላይ የእርስዎ ርዕስ ካልታየ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

ለውጡን ሳይለኩ መቀያየር

ዛሬ ቀይሮ ነገ ውጤት ካልታየ ከነገ ወዲያ እንደገና መቀየር ምንም አያሳይም። የቀየሩበትን ቀን ከአሮጌው ርዕስ ጋር ይመዝግቡ። ሰርች ኮንሶል ላይ የገጹን አድራሻ አስገብተው እንደገና እንዲነበብ ይጠይቁ፤ አድራሻውን ራሱን ግን አይንኩ። አራት ሳምንት ቆይተው 28 ቀኑን ከቀደመው 28 ቀን ጋር ያስተያዩ። የሚታየው ጠቅላላ ክሊክ ብቻ አይደለም፦ አማካይ ደረጃው ሳይለወጥ ከሚያዩት ሰዎች የሚከፍቱት ድርሻ ከጨመረ ርዕሱ ሠርቷል።

የድሬዳዋ ሆቴል ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል፤ በእነዚያ ሰሞናት ማረፊያ የሚፈልገው ሰው በርዕስዎ ምክንያት አልበዛም። ርዕሱን ኅዳር መጨረሻ ላይ ቀይሮ ከታኅሣሥ ጋር ማስተያየት ያሳስታል፤ ታኅሣሥን ካለፈው ዓመት ታኅሣሥ ጋር ያስተያዩ።